ሕመም የሌለውን ደም ለናቅን

ሕፃን ሲያለቅስ መስማት ግዴታ እንጂ ትሩፋት አይደለም፤ ልቅሶ ራሱ ይጣራልና። የሰው ልቡና የሚመዘነው ሕፃኑ ሳያለቅስ ነው። ጤነኛ መስሎ ሲሮጥ፣ ሲበላ፣ ሲስቅ ውሎ፣ ሰገራ ሲቀመጥ ግን ጥቂት ቀይ ደም ጠብ ሲያደርግ፣ ደሙም ዛሬ ታይቶ ነገ ሲጠፋ፣ ጠፋ ሲባልም ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ነው የወላጅ ዓይን፣ የሐኪም እጅ፣ የሹምም አሳቢነት በአንድ ሚዛን የሚወጡት። በዚያ ሚዛን ላይ፣ ወገኖቼ ሆይ፣ ሁላችን ቀለን ተገኝተናል። ይህን የምለው ከእናንተ ተለይቼ በከፍታ ቆሜ አይደለም፤ ከአንድ ልማድና ከአንድ ዝምታ የወጣን ነንና ተግሣጹ የጋራችን ነው።

የምናገረው ስለ አንጀት ፖሊፕ ነው። ፖሊፕ በአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚበቅል ሥጋ ነው። በሕፃናት ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ዓይነት፣ ሐኪሞች ጁቨናይል ፖሊፕ የሚሉት፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይገለጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የሚበዛውም በፊንጢጣና ከርሱ ቀጥሎ ባለው የደንዳኔ ክፍል ይገኛል። እንደ በሰለ እንጆሪ ቀይ ሆኖ በቀጭን ግንድ ይንጠለጠላል፤ ሰገራ ሲያልፍበት እየተፋቀ ይደማል፤ አንዳንዴም ሕፃኑ ሲያምጥ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ብቻውን የሆነ እንደ ሆነ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰር የመለወጡም ነገር እጅግ ኢምንት ነው። ይህ ዕውቀት ሊያጽናናን ሲገባ አሰነፈን። አይገድልምና አያስቸኩልም አልን፤ አያምምና አይጠየቅም አልን፤ የሚደማው ሕፃን ግን በየሳምንቱ ከደሙ ጋር ብረት እየጣለ፣ ዓይኑ ሥር እየነጣ፣ ደረጃ ሲወጣ እየደከመ፣ አንዳንዱም ግድግዳ ልሶ አፈር እየበላ ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ እኛ «ልጁ ቀጭን ነው፤ እንደ አባቱ ነው» እያልን አለፍነው።

የበደላችን ሥር አንድ ነው። ዕረፍትን የምንሻው ለልጁ ሳይሆን ለራሳችን ነው። ክኒን ስንገዛም፣ ምስል ስናስነሣም፣ ወረቀት ስንፈርምም የምንፈልገው የደሙን ምንጭ ሳይሆን የጭንቀታችንን ፍጻሜ ነው፤ ጭንቀታችን ጋብ ካለልን ምንጩ ባለበት ቢቀር ግድ አይሰጠንም።

አስቀድሞ ከቤት እንጀምር፤ ቸልታ የሚወለደው በዚያ ነውና። በቤታችን ስለ ሰገራ መናገር ነውር ነው። ልጅ «ደም አየሁ» ሲል «ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሁለተኛ አይናገርም። እናት ያየችውን ለአባት ትሸሽጋለች፤ አባት የሰማውን ለሐኪም ያለዝባል። ደሙ የበዛ ቀን ደግሞ ሁላችን ሐኪሞች ነን፤ «አሜባ ነው» እንላለን፣ ከሰፈራችን ፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝተን እንሰጣለን፣ ደሙም ይቆማል። ይህ መቆሙ ነው ያጠፋን! የፖሊፕ ደም በባሕርዩ የሚመጣና የሚሄድ ነውና፣ ክኒን ቢሰጡትም ባይሰጡትም ያርፋል፤ እኛ ግን ዕረፍቱን ለክኒኑ ምስጋና አድርገን እንጽፋለን፤ በተመለሰ ጊዜም ያንኑ ክኒን እንደግማለን። በዚህ ዓይነት አንድ ሕፃን ያልያዘውን በሽታ መድኃኒት ደጋግሞ ሲውጥ ያድጋል። አሜባ አንጀትን ሲያቆስል ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ንፍጥ ያዘለ ሰገራ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ሕፃን ግን ሰገራው የተበጀ ነው፣ ደሙም ከሰገራው ጋር ሳይቀላቀል በላዩ ላይ ወይም በመጨረሻ ይታያል፣ ሆዱንም አያመውም። ልዩነቱን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ አያሻም ነበር፤ ጎንበስ ማለት ይበቃ ነበር።

ሌሎቻችን ደግሞ «ኪንታሮት ነው» ብለን ወደ መድኃኒት ዐዋቂ ወሰድነው። ኪንታሮት በትንሽ ሕፃን ዘንድ ብርቅ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ ብቅ ያለው ቀይ ሥጋ ብዙ ጊዜ ፖሊፕ ወይም የፊንጢጣው መውጣት ነው። በዚያ ለስላሳ ሥጋ ላይ የሚያቃጥል ሥራ ሥር ማድረግ ምን ዓይነት ጭካኔ እንደ ሆነ ያደረገው ሰው አያውቅም ይሆናል፤ እኛ ይዘን የሄድነው ግን የሕፃኑን ጩኸት ሰምተናል። በባዕድ አገር የምንኖረውም ከዚህ ነውር አላመለጥንም። ሐኪም ቤቱ ደጃፋችን ላይ ሳለ፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብታችንም የተጠበቀ ሳለ፣ ታላቅ ወንድምን ወይም እኅትን ለአስተርጓሚነት አቅርበን፣ በልጅ አንደበት ስለ ፊንጢጣ ማስነገር አፍረን፣ «ሆዱን ያመዋል» ብለን ተመልሰናል፤ ሐኪሙም የሆድ ሕመም ጽፎ ሸኝቶናል።

ከቤት ወደ ጤና ተቋም ስንመጣ ቸልታው ነጭ ጋዋን ለብሶ ይጠብቀናል። በሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመታት የሚሰጠው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ጠይቅ፣ ተመልከት፣ ዳስስ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መሣሪያ ምረጥ። ይህ ሥርዓት በሠለጠነውም በደሃውም አገር አንድ ነው፤ የሚጠይቀውም ጓንት፣ ጥቂት ቅባት፣ የልጁን እጅ የምትይዝ እናትና አምስት ደቂቃ ነው። ከፖሊፖቹ ጥቂት የማይባሉት በጣት በሚደረስበት ስፍራ ያሉ ሆነው ሳለ፣ ሕፃኑን ሳናስተኛ፣ ፊንጢጣው ስንጥቅ እንዳለው ሳናይ፣ በጣት ሳንፈትሽ፣ የሰገራ ምርመራ ወረቀት ቆርጠን ሰደድነው፤ ላቦራቶሪውም የአንዱን ጥገኛ ተሕዋስ ዕንቁላል አገኘ፤ በአገራችን በብዙ ልጆች ሰገራ ውስጥ የሚገኝ ነውና ማግኘቱ አይደንቅም፤ እኛም በዚያ ግኝት ልባችን አርፎ መዝገቡን ዘጋን። ዕንቁላሉ መኖሩ እውነት ነው፤ የደሙ ምክንያት እርሱ መሆኑን ግን ማን ነገረን? «ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም» የሚለው ምክንያት በከፊል እውነት መሆኑን አልክድም፤ በቀን የሚታየው ሕመምተኛ ብዛት ሰውን ያደክማል፤ ነገር ግን ያው ልጅ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሲመለስ የተከማቸው ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ በወጉ ከመረመርነው የሚበልጥ መሆኑን ቆጥረን አናውቅም።

አሁን ከቸልታ ወደ ውዳሴ ከንቱ እንሻገር፤ ሁለቱ ጠላት ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትናንት ጣቱን ለመዘርጋት የሰነፈ፣ ዛሬ ትልቁን መሣሪያ ለማዘዝ ይፈጥናል። ገንዘብ ያለው ወላጅም «ያለው ምርመራ ሁሉ ይደረግለት» ይላል፤ የፍቅሩ ልክ በደረሰኙ ልክ የሚታይ ይመስለዋል። ሲቲ ስካን ከአልትራሳውንድ ይበልጣል፣ ኤም አር አይ ከሲቲ ይበልጣል፣ የውጭ አገሩ ከአገር ቤቱ ይበልጣል እያልን መሣሪያን በዋጋው ሾምን። መሣሪያ ሁሉ የሚሾመው ግን በሚመልሰው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም «የቱ ይበልጥ ያያል?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ካየ በኋላ ለዚህ ልጅ ምን ያደርግለታል? ስለ ማየቱስ ምን ያስከፍለዋል?» የሚል ነው።

(ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ኢያን ዶናልድ የተባለው የግላስጎው ሐኪም በ1958 የሆድ ዕጢን በድምፅ ሞገድ የማየትን ነገር ለዓለም ካሳወቀ ወዲህ፣ አልትራሳውንድ ለሕፃናት ከመሣሪያዎች ሁሉ የዋሁ ሆኗል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይሻም፣ ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይታያል። በሠለጠነ እጅና ጥራቱ ከፍ ባለ መሣሪያ በአንጀት ውስጥ የተንጠለጠለውን ድቡልቡል ሥጋ፣ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን የውኃ ከረጢቶች፣ በግንዱም ውስጥ የሚሄደውን የደም ሥር ለይቶ ያሳያል፤ ደንዳኔው በውኃ ሲሞላ ደግሞ ይበልጥ ይገለጥለታል። ነገር ግን አየርና ሰገራ ይጋርዱታል፣ ትንሿ ፖሊፕ ታመልጠዋለች፣ ፊንጢጣም ከዳሌ አጥንት በስተ ኋላ ተሸሽጎ ይቀርበታል፤ ፖሊፕ ደግሞ ማደሪያውን የሚያበዛው በዚያው ነው። ስለዚህ አልትራሳውንድ «አለ» ሲል ብዙ ጊዜ ይታመናል፤ «አላየሁም» ሲል ግን የተናገረው ስለ ራሱ እንጂ ስለ ልጁ አይደለም። እኛ «አላየሁም» የሚለውን «የለም» ብለን አነበብነው። ወረቀቱን አጥፈን ቦርሳ ውስጥ ከተትነው፤ ደሙ ሲመለስም ወረቀቱን አውጥተን ከደሙ ጋር ተከራከርን!

ከአልትራሳውንድ አስቀድሞ ባሪየም ነበረ፤ ነጩን ፈሳሽና አየርን በፊንጢጣ አግብቶ በራጅ ማንሣት፣ በጀርመናዊው ፊሸር እጅ በ1923 የተጀመረ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም ዋነኛው መንገድ ሆኖ የኖረ ዘዴ ነው። የተረፈ ሰገራ ፖሊፕ መስሎ ያታልለዋል፣ ፖሊፕም ሰገራ መስሎ ያልፈዋል፤ ጨረርም ያስከፍላል። ሌላ ነገር በሌለበት ስፍራ የሚጠቀምበትን አልወቅስም፤ ሌላ እያለው በልማድ የሚያዝዘውን እንጂ።

ስለ ሲቲ ስካን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የመሣሪያው ፈጣሪ ሃውንስፊልድ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ካነሣበት ጊዜ አንሥቶ ይህ መሣሪያ ያዳነው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፤ በ1994 ደግሞ ዴቪድ ቫይኒንግ የአንጀትን ውስጥ በሲቲ ምስል እንደ ገቡበት አድርጎ የማሳየትን ጥበብ አመጣ፤ በዐዋቂዎች ዘንድም ይህ ጥበብ ስፍራውን አገኘ። በሕፃን ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሕፃን ሕዋሳት ገና በመከፋፈል ላይ ናቸው፤ ጨረር የሚጎዳቸውም ይበልጥ ነው፤ ጉዳቱ የሚገለጥበት ዕድሜም ከፊቱ ተዘርግቷል። በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በብሪታንያ በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ሲቲ የተነሡ ከ178,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ የተደመረው የጨረር መጠን ወደ 50 ሚሊግሬይ ሲደርስ የደም ካንሰር አደጋ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ፣ ወደ 60 ሲደርስም የአንጎል ዕጢ አደጋ ሦስት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አስነበበ። እነዚህ ካንሰሮች በመነሻቸው ብርቅ ናቸውና የአንዱ ልጅ አደጋ ጥቂት ነው፤ ጥናቱም ራሱ ይህን አልሸሸገም። ተገቢ ምክንያት ሲኖር ጥቂቱን አደጋ መቀበል ጥበብ ነው፤ በመኪና የተገጨ ሕፃን ሲቲ ሲያስፈልገው ስለ ጨረር መከራከር ስንፍና ነው። ነገር ግን ሕመም ስለሌለው ደም፣ እርሱም ብዙ ጊዜ በጣት በሚደረስበት ስፍራ ላለ ፖሊፕ፣ ሕፃኑን በጨረር ውስጥ ማሳለፍ ምን ስም ይሰጠዋል? አንጀቱን ማጽዳቱ አልቀረለትም፤ በአየር መነፋቱ አልቀረለትም፤ ምስሉ ፖሊፑን ቢያገኝም ነቅሎ አይጥለውምና ኮሎኖስኮፒው፣ አንጀትን ከውስጥ በረጅም ቱቦ ማየቱ፣ አልቀረለትም። ሁለት እጥፍ ሸክም ተሸክሞ ከመነሻው ቆመ። በ2008 በአሜሪካ የሕፃናት ራዲዮሎጂስቶችና ባልደረቦቻቸው ለልጆች የሚሰጠው ጨረር በልጅ መጠን እንዲሆን ዘመቻ የጀመሩት፣ የዐዋቂ መጠን ለሕፃን እንደ ወረደ ይሰጥ ስለነበረ ነው፤ ነገሩ ከዚያ ወዲህ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ አላወቅንም ማለት አይቻለንም።

አሁን ወደዚሁ ኮሎኖስኮፒ እንምጣ። በ1969 ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ በኒውዮርክ ከተማ ሆድ ሳይከፈት በኮሎኖስኮፕ ውስጥ በሚያልፍ የሽቦ ቀለበት ፖሊፕን አንቀው ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በጣትና በአጭር ቱቦ የማይደረስበት ፖሊፕ ሁሉ ሆድን ያስከፍት ነበር። በደንዳኔ ላለ ፖሊፕ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውድድሩ ነገር ተፈጽሟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሌሎቹ ያያሉ፣ ይህ ግን አይቶ ያነሣል። ዋጋ አለው፤ አንጀቱ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ሕፃኑ ማደንዘዣ ይወስዳል፣ ብርቅ ቢሆንም አንጀት የመበሳት ወይም ከተቆረጠበት የመድማት አደጋ አለ፤ ለሕፃን የሚመጥን መሣሪያና በሕፃን ላይ የሠለጠነ እጅም ያሻዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ደግሞ ሌላ ስንፍና አለ፤ የመጀመሪያውን ፖሊፕ በፊንጢጣ አካባቢ አግኝቶ ነቅሎ፣ ደስ ብሎት፣ እስከ ደንዳኔው መነሻ ሳይደርስ የሚመለስ አለ። ከአንድ በላይ ፖሊፕ ያላቸው፣ በላይኛውም ክፍል ያለባቸው ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። ያልታየው እንዳልነበረ ተቆጥሮ ይቀራል፤ ደሙም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ሹማምንትም ከዚህ ክስ አይወጡም። በአገራችን ለሕፃናት ኮሎኖስኮፒ የሚደረግባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም በመዲናይቱ ናቸው፤ ከሩቅ የሚመጣ ገበሬ ልጁን ይዞ፣ የሰው ቤት አድሮ፣ ተራ ጠብቆ ነው የሚያገኘው። መሣሪያ ሲመጣ ሪባን የምንቆርጥ፣ ፎቶ የምንነሣ፣ ዜና የምናሠራ ብዙ ነን፤ መሣሪያውን የሚያጥበው ባለሙያ፣ የሚጠግነው መሐንዲስ፣ መለዋወጫው፣ የሕፃናቱ ማደንዘዣ ሐኪም የት እንዳለ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። መሣሪያው ሲቆም አቧራ ይለብሳል፤ በዚያው ዓመት ሌላ ሪባን ይቆረጣል።

ከደንዳኔ በላይ ያለው ነገር ሌላ ምዕራፍ ነው፤ ቸልታችንም በዚያ ስፍራ ነፍስ ያስከፍላል። በ1921 ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ፔውትስ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በ1949 ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ጀገርስና ባልደረቦቹ በሰፊው የገለጡት በሽታ አለ፤ በሁለቱ ስም ይጠራል። ምልክቱ በፊት ላይ ተጽፏል። በከንፈር፣ በአፍ ውስጥ፣ በጣቶች ላይ የጠቆሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በቀጭን አንጀት ውስጥ ደግሞ ፖሊፖች ይበቅላሉ። እኛ ጠይም ሕዝብ ነንና ድድና ምላስ መጥቆር በብዙዎቻችን ዘንድ የተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ «ሁላችንም እንዲህ ነን» ብሎ ማለፍ ይቀልላል። ነገር ግን ተለያይተው የቆሙት፣ የከንፈሩን ጠርዝ ተሻግረው ወደ ቆዳው የሚዘልቁት ነጠብጣቦች ከተፈጥሮ ጥቁረት የተለዩ ናቸው፤ የከንፈሩ በዕድሜ ሊደበዝዝ ይችላል፣ በጉንጭ ውስጥ ያለው ግን ይቆያል። ዓይን ለዚህ ይበቃል። የሕፃኑን ጉንጭ በማንኪያ ገልጦ ማየት ስንት ብር ያስወጣል?

በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ትልቁ አደጋው አንጀቱ በፖሊፑ ተስቦ በራሱ ውስጥ መግባቱ ነው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ይህ ደርሶባቸዋል። ድንገት የሚያስጮህ ቁርጠት፣ ትውከት፣ የሆድ መነፋት ይመጣል። በዚያች ሰዓት አልትራሳውንድ የተናቀበትን ክብር ይመልሳል፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ የገባውን አንጀት በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ ይከፍታል፣ የሞተውን ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ልጁ ይድናል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆረጣል፤ አንጀቱ እያጠረ፣ ጠባሳው እየበዛ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና መዳን ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ስለ ምን እንደ ሆነ ባለመጠየቃችን የመጣ ነው።

ሳይደርስበት ለማየት ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ጨረር የላቸውም። አንደኛው እስራኤላዊው መሐንዲስ ጋቭሪኤል ኢዳን ያሰበው፣ ከባልደረቦቹም ጋር በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያስታወቀው፣ በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው የሚዋጥ ካሜራ ነው። ርዝመቱ 26፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ነው፤ አንጀት ራሱ እየገፋው ምስል እየላከ ይሄዳል። መዋጥ ለማይችል ትንሽ ልጅ በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት ላይ ይደረግለታል። ጥቃቅኖቹን ፖሊፖች እንደርሱ የሚያይ የለም። ነገር ግን በአንጀቱ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ያልፋልና ትልቁን ፖሊፕ እንኳ ሊስተው ይችላል፤ መጠኑንም በትክክል አይለካም፤ ጠባብ ስፍራ ካለም በዚያው ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ልጁ ፈሳሽ ጠጥቶ አንጀቱ ሲወጠር የሚደረገው ኤም አር አይ ነው። ትልልቆቹን ይለካል፣ ስፍራቸውንም ያመለክታል፤ ጥቃቅኖቹ ያመልጡታል፤ ልጁም ፀጥ ብሎ እንዲተኛ፣ ትንፋሹን እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ትንሽ ከሆነ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። አደጋ የሚያመጡት ትልልቆቹ ናቸውና የኤም አር አይ ድካሙ የሚመስለውን ያህል አይደለም። አስቀድሞ ባሪየም እያጠጡ በየጊዜው ራጅ ያነሡ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ክትትል ለሚያሻው ልጅ ግን ያ ጨረር በጨረር ላይ መደረብ ነበረ። የአውሮጳ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ምልክት የሌለው ልጅም ቢሆን ክትትሉ ከ8 ዓመት እንዳይዘገይ፣ ምልክት ካለው ከዚያ በፊት እንዲጀመር፣ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር የበለጠው ፖሊፕም አንጀቱን በራሱ ውስጥ ሳያስገባ አስቀድሞ እንዲነሣ መክሯል። ይህን መመሪያ ለመከተል የሚዋጠው ካሜራ በሌለበት ኤም አር አይ ይበቃል፤ ኤም አር አይ ባላቸው ከተሞቻችን ግን ያ መሣሪያ ቀን ሙሉ የሚያነሣው የዐዋቂዎችን ወገብ ነው።

የመጨረሻውን ክስ የማቀርበው ሁሉ ነገር ተሳክቶ፣ ፖሊፑ ተነቅሎ፣ ደሙ ቆሞ፣ ቤተሰቡ ሐኪሙን መርቆ በሚወጣበት ሰዓት ነው። የተነቀለው ሥጋ የት ደረሰ? ወደ ፓቶሎጂ ያልተላከ ፖሊፕ ስሙን ሳይናገር የተቀበረ ነው፤ ተልኮም ውጤቱን ማንም ያልወሰደው ከዚያ አይሻልም። በደንዳኔው ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ጁቨናይል ፖሊፕ የተገኘበት ልጅ እንደ አንዱ ብቸኛ ፖሊፕ ነቅለው የሚሸኙት አይደለም፤ በሽታው በዘር ሊሆን ይችላል፣ ክትትሉም የዕድሜ ልክ ነው፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ ደጋግሞ የሚነስራቸው፣ የደም ሥሮቻቸውም በሳንባ ወይም በአንጎል የተዛቡ ናቸው። ፖሊፖቹ በመቶዎች የሚቆጠሩበት ሌላ የዘር በሽታ አለ፤ ያ ካልተደረሰበት በጎልማሳነት ካንሰር መሆኑ የማይቀር ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ያሉ ልጆች ምልክት ባይኖራቸውም ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ በኮሎኖስኮፒ መታየት ይጀምራሉ። የነዚህ በሽታዎች ሁሉ ሕግ አንድ ነው፤ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የሚያወርስበት ዕድል እኩሌታ ነው።

እኛ ደግሞ ዘርን በመቁጠር የምንታወቅ ሕዝብ ነን። ልጅ ስናጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ የማን ልጅ፣ የማን ልጅ እያልን ከቅድመ አያት በላይ እንወጣለን፤ ዝምድና እንዳይገኝ ሽማግሌ እንጠይቃለን። በሐኪም ፊት ስንቀመጥ ግን «በቤተሰብ እንዲህ ያለ በሽታ አለ?» ሲባል «የለም፣ ሁላችንም ጤነኞች ነን» እንላለን። በጎልማሳነቱ በሆድ ሕመም የሞተው አጎት አይነሣም፤ ሁለት ጊዜ ሆዷ የተከፈተው አክስት አትጠራም፤ ዘሩ በሽታ አለበት እንዳይባል፣ የእኅቶቹ ጋብቻ እንዳይሰናከል እንሸሽጋለን። ሐኪሙም መልሱን በአንድ ቃል ጽፎ ያልፋል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን አምጡ አይልም። ፖሊፑ የተነቀለለት ልጅ ካርድ ወጥቶለታል፤ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱት ግን ካርድ የላቸውም፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው፤ ከነርሱም አንዱ ምናልባት ስምንት ዓመቱን አልፏል።